ርካሽ ዕቃ ጅማ ላይ ስንቴ ይገዛል?

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ዲቫይደር ቀለጠ። ሳሎኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ። እናቴ መጀመሪያ ከሰል መስሏት ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ስትመለስ ጭሱ ከሶፋው ጀርባ ነው። ገመዱን በጨርቅ ይዛ ነቀለችው። ቤቱ ለጥቂት ተረፈ። ዲቫይደሩ ከተገዛ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። የተሰካበትም ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀርና የውሃ ማፍያ ብቻ ነው።

በማግስቱ በካቻቢቴ ፈታሁት። ጀርባው ላይ «16 አምፔር፣ 250 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል። 16 አምፔር በእኛ 220 ቮልት ሲባዛ 3,500 ዋት ገደማ ይመጣል። የእንጀራ ምጣድ ለማሠራት የሚበቃ ኃይል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሽቦው እንደ ስፌት ክር ቀጥኗል። መዳብ መስሎኝ በምላጭ ስፍቀው ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። ሶኬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ብረት በጣት ይታጠፋል። የውሃ ማፍያ ብቻውን 1,500 ወይም 2,000 ዋት ይስባል። ይህ ክር ያን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?

ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልተቆጣም፣ አልሸሸም። ዕቃውን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ቻይና ነው እኮ!» አለኝ። መልሱ ይኸው ነው። ደረሰኝ ስላልያዝኩ ከዚያ በላይ የምለው አጣሁ።

ይቺ ንግግር ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ጅማ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማላችሁ። ጃንጥላው በመጀመሪያው ንፋስ ሲገለበጥ ቻይና ነው። የልጁ ጫማ ሶሉ ሲላቀቅ ቻይና ነው። የፔርሙዙ ሻይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲቀዘቅዝ ቻይና ነው። «ስትገዛ ታውቅ ነበር፣ አሁን ምን ትላለህ?» ማለት ነው። ዋስትና የለም፣ ተጠያቂ የለም፣ መመለስ የለም። ሁሉም በእሷ ይዘጋል።

ግን እውነት አውቅ ነበር? እናቴስ ታውቅ ነበር?

ቡናችንን የምንጠጣበትን ስኒ አስቡት። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው። የሸክላ ጀበናው የእኛ ነው፣ ቡናው ከጓሮ ነው፣ ስኒው ግን ከነስሙ ከሩቅ መጣ። ያኔ «የቻይና» ማለት ጥሩ ዕቃ ማለት ነበር። ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ። ዛሬ በዚሁ ከተማ ያው ቃል «አይበረክትም» ለማለት ይውላል። አገሯ አንድ ናት። የተገላበጠው ወደ እኛ የሚደርሰው ዕቃ ነው።

በዚያ ላይ ቃሉ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም። ሲሰበር «ቻይና» እንላለን፣ ሲበረክት «ኦርጅናል» እንላለን። ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ አገር ነው የሚመጡት። በዓለም ውድ የሚባሉት ስልኮች በብዛት የሚገጣጠሙት እዚያው ነው። የእኛ ነጋዴዎች ዪዉ ወይም ጓንዡ ወደሚባሉት የቻይና ከተሞች ሲሄዱ አንዱን የውሃ ማፍያ በብዙ ደረጃ ያገኙታል። የዪዉ የጅምላ ገበያ ብቻ 75,000 ገደማ መደብር አለው። አምራቹ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ የዋጋ ነው፤ በስንት እንዲሠራልህ ትፈልጋለህ? በዚህ ዋጋ ካልከው ወፍራም ሽቦ ይገባል። ከዚያ ቀንስ ካልከው ሽቦው ይቀጥናል። የቀለጠው ዲቫይደር እንዲቀጥን ሆኖ የታዘዘ ነው። ያዘዘውም የእኛው ሰው ነው።

ያ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያ ነው። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ መርካቶ። በመሃል ቀረጥ አለ። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው። በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል። ግብሮቹ የሚሰሉት አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ነው። ከፍተኛው ቀረጥ የሚመለከተውና ወደብ ላይ 100 ብር የተተመነ ዕቃ በእነዚህ ሦስቱ ብቻ 171 ብር ገደማ ይሆናል። የአስመጪው ትርፍ፣ የጅምላው ትርፍ፣ የመጋዘኑ ኪራይ ገና አልተጨመረም።

ከዚያ አይሱዙ ላይ ይጫናል። መርካቶን ለቆ፣ በወልቂጤ አልፎ፣ የግቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን ተሻግሮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ይገባል። እዚህም አያበቃም። ጅማ ለደቡብ ምዕራቡ ሌላ መርካቶ ናት። ከእኛ ተከፋፍሎ ወደ አጋሮ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ጅማ በአባ ጅፋር ዘመንም የቅፍለት ነጋዴ መገናኛ ነበረች። ሥራዋን አልቀየረችም፤ በቅሎው በአይሱዙ ተተካ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌ ያስገርመኛል። አይሱዙው ዕቃ ሲጭን ጥራት አይጠይቅም። የደህናው ማፍያ ካርቶንና የመጥፎው ማፍያ ካርቶን ቦታቸው እኩል ነው። የጭነቱ ክፍያ እኩል ነው፣ የወዛደሩም እኩል ነው፣ የመርከቡም እኩል ነው። ለምሳሌ መርካቶ ላይ መጥፎው 300 ብር፣ ደህናው 600 ብር ነው እንበል። በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር የመንገድ ይጨመርበት። ጅማ ላይ 400 እና 700 ይሆናሉ። መርካቶ ላይ ደህናው የመጥፎው እጥፍ ነበር፣ ጅማ ላይ እጥፍ አይሞላም። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደህናው ዕቃ የበለጠ ያዋጣል ማለት ነው። በሒሳቡ ከሄድን ጅማ ከመርካቶ የተሻለ ዕቃ ሊደርሳት ይገባ ነበር። ሚዛን ደግሞ ከጅማ የተሻለ።

የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው ኪስ ነው። 700 ብር በአንዴ ማውጣት የማይችል ሰው የ400 ብሩን ይገዛል። በዓመት ሦስቴ ቢገዛ 1,200 ብር እንደሚያወጣ ጠፍቶት አይደለም። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ባዶ እግሩን አይሄድም። ማፍያውም ዛሬ ያስፈልጋል። ሒሳቡ በዓመት ሲታይ ኪሳራ ነው፣ በዛሬ ሲታይ ግን ሌላ መንገድ የለም። «ድሃ ርካሽ ይወዳል» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ደሃ ርካሽ አይወድም። ውዱን በአንድ ጊዜ የሚከፍልበት ገንዘብ ነው ያጣው።

ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ የሚያበሳጨው ነው፤ ገዢው መለየት አለመቻሉ። የእናቴ ዲቫይደር ከውጭ ሲታይ ምን ጎደለው? ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀይ መብራት አለው፣ 16 አምፔር የሚል ጽሑፍ አለው። ደህናውም እንደዚያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ግን ምኑን ይጠርጥር? ሽቦውን ለማየት መክፈት አለበት፣ የከፈተውን ደግሞ ሱቁ አይቀበለውም። ገዢ መለየት ካልቻለ «የእኔ ደህና ነው» ብሎ 700 ብር የሚጠይቀውን ሻጭ አያምነውም። ሁሉም እንደዚያ ይላላ! ስለዚህ ደህናውን ያመጣ ነጋዴ ዕቃው ይቀመጥበታል፣ በሚቀጥለው ጉዞው እሱም ርካሹን ይጭናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደህናው ዕቃ ከመደርደሪያው ይጠፋል። አንድ ቀን ገንዘብ ይዘህ ብትሄድ እንኳ የለም። ከእኔ ዕድሜ በላይ የሆነ ፔርሙዝ ያላት ጎረቤታችን ሌላ እንደዚያው ያለ ፍለጋ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ሠፈር እስከ አጂፕ ዞራ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

የሩቅ ከተማ ነገር የሚከፋው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዕቃ ቢበላሽበት ታክሲ ይዞ ይመልሰዋል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሌላ ሱቅ ያማርጣል። ከገራ ወይም ከሊሙ የመጣ ገበሬ ግን የእጅ ባትሪው በሳምንቱ ቢጠፋበት ምን ያደርጋል? የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ከባትሪው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሻጩም ይህን ያውቃል። የማይመለስ ደንበኛ የሚሸጥለት ዕቃ ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተቀየረ። ርካሹም ርካሽ መሆኑን ትቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። እርግጥ ነው፣ ብዙው የችርቻሮ ዕቃ ከዚያ በፊትም የሚተመነው በጥቁር ገበያ ዶላር ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ተከልክለው ስለነበር፣ ያኔም ብዙ ነገር በዙሪያ መንገድ ነበር የሚገባው። ክልከላው ከምንዛሪው ለውጥ ጋር ተነሥቷል። ዋጋው ግን አልወረደም።

ታዲያ ይህ ጉዳይ ጅማ ላይ ሁሉንም እኩል አልመታም። ሌላ ከተማ ላይ እንደዚህ ጎልቶ የሚታይ አይመስለኝም። ቡናም በዶላር ነው የሚሸጠው። የቻይናም ዕቃ በዶላር ነው የሚገዛው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ ነው። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ላይ እሸት ቡና የሚሸጥ ገበሬ ዶላር ሲወደድ የሚገዛው ስልክ ይወደድበታል፣ የሚሸጠው ቡናም ይወደድለታል። ሙሉውን ባያገኝም የሚደገፍበት ነገር አለው። መምህሩስ? ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስስ? የቀን ሠራተኛውስ? ደመወዛቸው በብር ነው፣ ብሩ ደግሞ ዶላሩን ሊከተለው አልቻለም። በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ መደርደሪያ ፊት፣ ሁለት ሰዎች ቆመው አንዱ የሚችለውን ሌላው አይችለውም። ድሮ መካከለኛውን ይገዛ የነበረ መምህር ዛሬ ወደ ታችኛው ደረጃ ወርዷል። ሁለቴ ለመግዛት አቅም ባነሰው ሰዓት፣ ሁለቴ የሚያስገዛ ዕቃ እጁ ገባ ማለት ነው።

ገበሬውም ቢሆን ገንዘቡ የሚመጣው በወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲደርስ ጅማና አጋሮ ሱቆች ሞልተው ይፈስሳሉ። ብርድ ልብስ፣ ሶላር፣ ስልክ፣ ቴፕ፣ የልጅ ልብስ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ጸጥ። ለዓመት የሚያስፈልገውን በሦስት ወር ውስጥ የሚገዛ ሰው የተበላሸውን የሚተካው ለሚቀጥለው ቡና ነው። በመሃል ያለው ስምንት ዘጠኝ ወር ጨለማ ነው። ቃል በቃል ጨለማ፣ የሶላሩ ባትሪ ከሞተ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ዕቃው ባይመጣ ይሻል ነበር ማለት አልችልም። ውሸት ይሆንብኛል። አባቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ጫማ አላደረገም። በቀይ የደጋ አፈራችን ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። መከላከያው ጫማ ነው። ሦስት ወር የሚቆይ ጫማም ቢሆን ጫማ ነው። ዛሬ በጅማ ዙሪያ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችን እግር ስታዩ፣ ያንን ያደረገው በአብዛኛው ርካሽ የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ከቻይና የመጣውም እዚሁ የተሠራውም። ኩራዝ ጭስ ሥር ሲያጠኑ ያደጉ ሰዎች የአንዲት ሶላር መብራትን ዋጋ ያውቃሉ።

ስልኩም እንደዚያው ነው። ቴክኖ የቻይና ስልክ ነው። ሲመጣ ሁለት ሲም ካርድ ይዞ፣ ባትሪው ቀናት እየቆየ፣ በአማርኛ እየጻፈ መጣ። የሰውን ኑሮ አይቶ የተሠራ ዕቃ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥም መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አምራቹ ገዢውን ካከበረ ለሩቅ ከተማም ደህና ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ ማቅረብ እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ «በዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉኝ አልቀበልም።

የእጅ ባለሙያዎቻችን ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ያለ ሚስማር፣ ሦስት እግሩን ዘርግቶ የሚቆም። አያቴ የተቀመጠችበት ዛሬም አለ። አሁን አዲስ ቤት የሚመሠርቱ ልጆች ቁምሳጥንና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚገዙት ከኤምዲኤፍ የተሠራውን ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ፣ በላዩ ሥዕል የተለጠፈበት። ለደረቅ አገር ምናልባት ይሆናል። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ወለሉ ይረጥባል፣ ግድግዳው ያልባል። የኤምዲኤፉ እግር ውሃ ይጠጣል፣ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ብሎኑ ይለቃል። ሁለተኛውን ክረምት የማይሻገር ብዙ አይቻለሁ። አናጢው ጋ ቢወስዱት አይጠግነውም፤ ምስማር የሚይዝ እንጨት የለውም።

ይሁን እንጂ አናጢውም ለራሱ ማሰብ አለበት። ጫማ ሠሪዎቻችን ያለፉበትን ማየት ይጠቅማል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በ96 አገር ውስጥ ጫማ አምራቾች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። 28 በመቶ የሚሆኑት ከሥረው ዘግተዋል፣ 32 በመቶ ሥራቸውን ቀንሰዋል። የጥቃቅኖቹ አማካይ የሠራተኛ ቁጥር ከ7 ወደ 4.8 ወርዷል። ከዚያ በኋላ ግን የተረፉት የቻይናውን ዲዛይን አጥንተው፣ ቆዳቸውን አሻሽለው ብዙ ገዢ መልሰው አገኙ። የወንድ የቆዳ ጫማ ላይ ዛሬም የአገር ውስጡ አለ። የጅማ አናጢ ቁምሳጥኑን ቀለል አድርጎ፣ ተፈትቶ በአይሱዙ የሚጫን አድርጎ ቢሠራው ኤምዲኤፍን በክረምት ያሸንፈዋል ብዬ አምናለሁ። እንጨት ተወዷል፣ ያም እውነት ነው።

መፍትሔ ሲባል ሁሉም ወደ መንግሥት ይጠቁማል። እኔም እጠቁማለሁ፣ ግን በአንድ ነገር ላይ ብቻ። ማበጠሪያና ባልዲ ላይ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም። ማበጠሪያ ቢሰበር ቤት አያቃጥልም። ኤሌክትሪክ የሚነካው ነገር ግን ሞጆ ላይ፣ ወደ ሱቅ ሳይከፋፈል መፈተን አለበት። ጅማ ሱቅ ውስጥ መጥቶ ከቸርቻሪው ላይ መውረስ የሚጎዳው ያዘዘውን ሰው አይደለም። ቸርቻሪውም እንደ እኔ ሽቦውን አላየውም።

ሌላው በእጃችን ያለ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛነው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። ሸማቹ ግን የገዛበትን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው ማን ይሰማዋል? እዚህ ላይ እኛም አለንበት። «በደረሰኝ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» ሲባል ስንቶቻችን እምቢ እንላለን? የቀነሰልንን እንደ ትርፍ እንቆጥረዋለን። የሸጥነው ግን የመመለስ መብታችንን ነው። እኔ ራሴ የሸጥኩት እንደዚያ ነው፤ የዲቫይደሩ ቀን ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ለእናቴ አዲሱን ዲቫይደር የገዛሁት ሂርማታ በኩል ካለ አንድ አዛውንት ሱቅ ነው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፣ ዕቃቸውም ጥቂት። ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው። ገና ሳልጠይቃቸው ዲቫይደሩን ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ በላዩ ላይ የራሳቸውን የውሃ ማፍያ ሰክተው ውሃ አፈሉ። አሥር ደቂቃ ቆምን። «ንካው» አሉኝ ገመዱን። ነካሁት፣ አልሞቀም። ዋጋው ከበፊተኛው ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ደረሰኝ ቆረጡልኝ፣ ከዚያ ከመሳቢያቸው ማርከር አውጥተው ዲቫይደሩ ጀርባ ላይ የተገዛበትን ቀን ጻፉበት። ለምን እንደሚጽፉ ጠየቅኳቸው። ከአጋሮ የሚመጡ ደንበኞቻቸው ደረሰኝ ይጠፋባቸዋል፣ ዕቃው ላይ የተጻፈ ቀን ግን አይጠፋም አሉኝ።

ቀጥሎ የቆመው ሰው አምፖል ይዞ ነበር። ሐጂ ማፍያቸውን ነቀሉና አምፖሉን ተቀበሉት።